ከተማ ስትገቡ የት ትበላላችሁ?

በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት የተዘጋጀ
የንባብ ክፍል፦ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8፤ ምዕራፍ 10፥14-33

 

የዛሬው ርእሳችን ለስብከት የሚሆን አይመስልም። ከተማ ስንሄድ የት እንብላ? ምን እንጠጣ? ሲመሽስ የት እንውጣ? “ፓስተር፣ ይሄ ደግሞ ምን ስብከት ያስፈልገዋል? የራበው ይበላል፣ የጠማው ይጠጣል” የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ እንደዚያ አላሰበም። ለቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን በላከው በመጀመሪያው መልእክት፣ በአንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ አማኝ የት ይበላል፣ ከማን ጋር ይበላል፣ ከየትኛው ማዕድ ይነሣል የሚለውን ጉዳይ በስፋት አስተምሯል። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሰማይ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አይደለም። ስለ ሳህናችንም ይናገራል።

ከእኛ መካከል አዲስ አበባ የማይሄድ የለም። አንዱ ለሕክምና ይሄዳል፣ አንዱ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ይወርዳል፣ አንዷ ለፓስፖርት ጉዳይ፣ ሌላው መሥሪያ ቤቱ ለስልጠና ልኮት፣ ሌላው ለሰርግ ወይም ለኮንፈረንስ። ጉዳያችን ምንም ይሁን፣ በቀን ሦስት ጊዜ እንበላለን፣ ሲመሽም የምናሳልፈው ሰዓት አለን። እና እውነቱን እንነጋገር። ብዙ ሰው የተሰናከለው ሊሠራ በሄደበት ጉዳይ ላይ አይደለም። በእራት ሰዓት ነው።

ማንም በማያውቃችሁ ከተማ

በሰፈራችሁ ሁሉም ያውቃችኋል። ባለሱቁ ያውቃችኋል፣ የሻይ ቤቷ እናት ታውቃችኋለች። “እሱ እኮ ጴንጤ ነው፣ ለእሱ ሻይ አምጡለት” ይባላል፣ ሳትጠይቁ ሻይ ይቀርባል። ያ ስም አጥር ነው፤ ሳናውቀው ይጠብቀናል። አዲስ አበባ ስትገቡ ግን ያ አጥር የለም። አስተናጋጁ “ምን ልታዘዝ?” ይላል እንጂ “ይህ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው” አይልም። ኪሳችሁ ውስጥ የውሎ አበል አለ። ቤተሰብ ሩቅ ነው። ያን ጊዜ አንድ ቀጭን ድምፅ ይመጣል፦ “ማንም አያውቅህም።”

ወገኖቼ፣ ይህ ድምፅ አዲስ አይደለም። ዳንኤልም ሰምቶታል። ከኢየሩሳሌም ተማርኮ ባቢሎን ሲገባ ወጣት ነበር። አባትና እናት የሉም፣ ቤተ መቅደሱ ሩቅ ነው፣ ስሙ እንኳ ተቀይሯል። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ፈተና የእሳት ምድጃ አልነበረም፣ የአንበሳ ጉድጓድም አልነበረም። ማዕድ ነበር። ከንጉሡ ጠረጴዛ የሚመጣ መብልና ከንጉሡ የሚመጣ የወይን ጠጅ። ዳንኤል 1፥8 ላይ ዳንኤል በዚህ ራሱን እንዳያረክስ አስቀድሞ በልቡ እንደ ቈረጠ እናነባለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዴት እንደ ጠየቀ ተመልከቱ። አልተሳደበም፣ ሳህን አልገለበጠም። በትሕትና ለመነ፣ የአሥር ቀን ፈተና ጠየቀ። ውሳኔው ጽኑ ነበር፣ አነጋገሩ ግን ለስላሳ።

ዳንኤል የወሰነው ሳህኑ ፊቱ ከቀረበ በኋላ አልነበረም፣ ከዚያ በፊት ነው። እናንተም የት እንደምትበሉ አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት ወስኑ። ምሽት 3 ሰዓት ላይ፣ ጓደኞች “ና እንጂ!” እያሉ፣ ውሳኔ ማድረግ ከባድ ነው።

ቆሮንቶስ ምን ዓይነት ከተማ ነበረች?

ጳውሎስ የጻፈላቸው ሰዎች ገጠር አልነበሩም። ቆሮንቶስ ሁለት ወደብ የነበራት የንግድ ከተማ ናት፤ አንዱ ወደ ምዕራብ፣ ሌላው ክንክራኦስ ወደ ምሥራቅ። ነጋዴው፣ መርከበኛው፣ ወታደሩ፣ ነጻ የወጣው ባሪያ፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። ጳውሎስ ራሱ በዚያች ከተማ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጧል (የሐዋርያት ሥራ 18፥11)። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ አልፈረደም። ገበያውን ያውቃል፣ የምግብ ሽታውንም ያውቃል።

በዚያ ዘመን ሥጋና አምልኮ የተያያዙ ነበሩ። ለጣዖት የተሠዋው እንስሳ ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉ ለካህናቱ ይሆናል፣ የቀረው እዚያው ግብዣ ላይ ይበላል ወይም ወደ ሥጋ ገበያ ይወጣል። የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪዎች በቆሮንቶስ በአስክሊፒዮስ የጣዖት ቤት ቅጥር ውስጥ ከጳውሎስ በፊት የተሠሩ ሦስት የመመገቢያ ክፍሎች አግኝተዋል። በእያንዳንዱ ክፍል 11 ሰዎች ጋደም ብለው የሚበሉበት መደብ አለ። ማለት የጣዖት ቤትና ምግብ ቤት በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። እንግዲህ አማኙ ወዴት ይግባ?

ጳውሎስ “ሁሉም ክልክል ነው” አላለም። “ሁሉም ይቻላል” ብሎም አላለፈም። ሦስት በሮች አሳየን። ሁለቱ ክፍት ናቸው። አንዱ ዝግ ነው።

አንደኛው በር፦ ገበያው

በ10፥25 ጳውሎስ የሚለው ይህ ነው፦ በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ስለ ሕሊና እየጠየቃችሁ ሳትጨነቁ ብሉ። ለምን? ፍጥረት ሁሉ የጌታ ስለሆነ። ጣዖቱ በሬውን አልፈጠረውም። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው።

ስለዚህ ከተማ ስትገቡ በፍርሃት አትብሉ። ጠዋት ፍርፍርም ይሁን ጨጨብሳ፣ ፉልም ይሁን እንቁላል፣ አመስግናችሁ ብሉ። ፒያሳ ስትወጡ እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው ቶሞካ አለ፤ ሰው ቆሞ ቡናውን ይጠጣል፣ አመስግኖ ይሄዳል። አንድ ሲኒ ቡና ጠጥቶ ጌታን ማመስገን ይቻላል። ጣዕምን የፈጠረው ጌታ ነው፤ ለማያምኑት ብቻ አልፈጠረውም።

የሥጋ ጉዳይ በአገራችን ስሜት የሚነካ ነገር ነው። ሉካንዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይሣላል፤ ማን እንዳረደው በዚያ ይታወቃል። ጳውሎስ በሰጠን ትምህርት ሕሊናችን ነጻ ነው። ነገር ግን አብሯችሁ ያለ ዘመድ ወይም አዲስ አማኝ በዚህ የሚጨነቅ ከሆነ እሱን ወደማይጨንቀው ቤት ሂዱ። የእናንተ ክትፎ ከእሱ ሕሊና አይበልጥም።

ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ሙሉ፣ ብዙ ምግብ ቤት የጾም ምግብ ብቻ ነው የሚያቀርበው። አንዳንዶቻችን እዚያ ተቀምጠን እናጉረመርማለን። “ሥጋ የለም? ምን ዓይነት ቤት ነው?” እንላለን። ይህ አይገባም። የሚጾመው ወገናችን ለእግዚአብሔር ብሎ ነው የሚጾመው። ሮሜ 14 የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ ያዝዛል። በያይነቱ እዘዙ፣ ብሉ፣ አመስግኑ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ የጌታ ስጦታ ነው።

ስለ ጥንቃቄም አንድ ቃል ልጨምር። ከማዘዛችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ኋላ ከመጣላት ይሻላል። ሥጋ ስትበሉ የበሰለውን ምረጡ፤ ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያመጣል። ለሕክምና የመጣ ሰው ሌላ በሽታ ይዞ መመለስ የለበትም። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ስንል ሆዳችንንም ይጨምራል፣ አይደል?

ሁለተኛው በር፦ ጥሪው

በ10፥27 ጳውሎስ ያላመነ ሰው ቢጠራችሁ፣ ለመሄድም ብትወዱ፣ ሂዱ፣ የቀረበላችሁን ብሉ ይላል። ይህን ብዙዎቻችን አልተማርነውም።

ስልጠና ላይ ነን እንበል። የሥራ ባልደረቦች “ማታ አብረን እራት እንብላ” ይላሉ። እኛ ወንጌላውያኑ “አይ፣ እኔ ደክሞኛል” ብለን አልጋ ክፍላችን ውስጥ ዳቦና ሙዝ እንበላለን። ቅድስና ይመስለናል። እነሱ ደግሞ “ጴንጤዎች ሰው ይንቃሉ” ይላሉ። ተሳስተዋል? እንደዚያ ከሆንን አልተሳሳቱም! ጌታችን ኢየሱስ በቀራጩ በሌዊ ቤት በትልቅ ግብዣ ላይ ተቀምጧል (ሉቃስ 5፥29)። ኢያሪኮ ሲገባ ማንም ወደማይገባበት ወደ ዘኬዎስ ቤት ራሱ ጠይቆ ገባ። ሰዎች አጉረመረሙ። እርሱ ግን ገባ፣ በዚያም ቤት መዳን ሆነ።

ስለዚህ ሂዱ። እራት ብሉ። የሚጠጣ ሲታዘዝ አምቦ ውሃ፣ ጭማቂ ወይም ለስላሳ እዘዙ። የባህል ቤት ከሆነ ያልፈላ ብርዝ ካለ ጠይቁ፤ ማር በውሃ ነው። ጓደኛችሁ ቢራ ሲያዝ ፊታችሁን አታጥቁሩ፣ ስብከትም አትጀምሩ። ብርጭቆ ሲያነሡ የውሃ ብርጭቋችሁን አንሡ። “ለምን አትጠጣም?” ካሉህ በአጭሩ መልስ፦ “ጌታ ነጻ አውጥቶኛል፣ እኔ ያለ እሱ ደስ ይለኛል።” በቃ። የቀረውን ነገ ጠዋት ንጹሕ ዓይንህ ይመሰክራል።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ የመነሻ ሰዓታችሁን አስቀድማችሁ ተናገሩ። “እስከ 2 ሰዓት ተኩል አብሬያችሁ ነኝ፣ ከዚያ እገባለሁ” በሉ። ችግሩ ብዙ ጊዜ እራቱ አይደለም፤ ከእራቱ በኋላ “አንድ ቦታ ደግሞ እንሂድ” የሚባለው ነው። ሁለተኛ፣ ሒሳብ ሲመጣ አትሸሹ። የማይጠጣ ሰው የማይከፍል ሰው መሆን የለበትም። ድርሻችሁን ክፈሉ፣ ለአስተናጋጇም ጉርሻ ተዉላት። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ልጅ ናት። ጮክ ብለን ጸልየን፣ አስተናጋጅ አመናጭቀን፣ ጉርሻ ሳንተው ከወጣን፣ ጸሎታችንን ሳይሆን ማመናጨቃችንን ነው የምታስታውሰው።

የዘመድ ቤት ጥሪም አለ። የከተማ ዘመድ “ለምን ሆቴል? ቤት እያለ!” ይላል። ሂዱ፣ ዘመድ መጠየቅ በረከት ነው። ነገር ግን የከተማ ኑሮ ምን ያህል እንደ ከበደ እወቁ። የቤት ኪራይ አለ፣ የዘይት ዋጋ አለ። ባዶ እጃችሁን አትግቡ። ከአገር ቤት ቅቤም ይሁን ማር፣ ቡናም ይሁን በቆሎ ያዙ። ጳውሎስ በሰው ላይ ሸክም እንዳይሆን ሌሊትና ቀን እየሠራ እንጀራውን እንደ በላ ለተሰሎንቄ ሰዎች ጽፏል (2ኛ ተሰሎንቄ 3፥8)። ለሦስት ቀን ሕክምና መጥቶ ሦስት ሳምንት የሚቀመጥ ወንድም “ጌታ ያዘጋጃል” ይላል። ጌታ ያዘጋጀው እኮ የእህትህን ጓዳ ባዶ በማድረግ አይደለም!

ሦስተኛው በር፦ የጣዖት ቤት ማዕድ

አሁን ወደ ዝጉ በር እንምጣ። በ8፥10 ጳውሎስ በጣዖት ቤት በማዕድ ስለሚቀመጥ አማኝ ይናገራል፣ በ10፥21 ደግሞ ከጌታ ማዕድና ከአጋንንት ማዕድ በአንድነት መካፈል እንደማይቻል ይደመድማል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በገበያ ያለው ሥጋና በጣዖት ቤት ያለው ሥጋ አንድ ዓይነት ሥጋ አይደለም እንዴ? አንድ በሬ ሊሆን ይችላል! ታዲያ ለምን በገበያ ብሉ፣ በጣዖት ቤት ግን አትብሉ ይላል? ሥጋው አልተለወጠም። ቤቱ ነው የተለየው። ቤቱ የቆመበት ዓላማ ነው የተለየው።

እንግዲህ ከተማ ውስጥ አንድ በር ላይ ስትቆሙ ይህን ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ቤት የሚኖረው በምንድን ነው? ምግብ ቤት በምግብ ይኖራል። ቡና ቤት ቡና ብቻ የሚሸጥ ከሆነ በቡና ይኖራል። አንዳንድ ቤት ግን በሩ ላይ “ምግብና መጠጥ” ተብሎ ይጻፍ እንጂ በምግብ አይኖርም። በሰው ስካር ይኖራል። በሺሻና በጫት ጭስ ውስጥ ቀኑን በሚያባክን ወጣት ይኖራል። በሴት ልጅ ገላ ይኖራል። በአዲስ አበባ ለዚህ የታወቁ ሰፈሮች አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ በእነዚያም ሰፈሮች ጌታን የሚወዱ ቤተሰቦች ይኖራሉና። ግን ታውቋቸዋላችሁ።

በዚያ ቤት ከምታያት ልጅ ጀርባ ምን እንዳለ አስብ፣ ወንድሜ። ከገጠር ነው የመጣችው። ምናልባት ከአንተው ወረዳ ናት። ሥራ አገኛለሁ ብላ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ እናቷ ዳቦ በፌስታል ቋጥራላታለች። አሁን አንተ የምትከፍለው ሒሳብ የእርሷ ሰንሰለት አንድ ቀለበት ነው። “እኔ እኮ ቁጭ ብዬ ሙዚቃ ብቻ ነው የሰማሁት” ትላለህ። ቤቱ ግን በአንተ ገንዘብ ነገም ይከፈታል። ክርስቶስ ለእርሷ ሞቷል። ደሙን ለከፈለላት ልጅ አንተ ምን ከፈልክ?

መንግሥት እንኳ ጉዳቱን አይቶ ሕግ አውጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፣ የአልኮል ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ አድርጓል። የአገር ሕግ ለልጆቻችን ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ የጸጋ ልጆች ምን ያህል ልንጨነቅ ይገባናል?

በአጠገብህ ያለው ጠረጴዛ

“ፓስተር፣ ኢየሱስ በቃና ሰርግ ውሃውን ወይን አላደረገም እንዴ? አንድ ብርጭቆ ምን ያደርጋል?” ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ወንድሞች አሉ፤ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የጳውሎስ መልስ ግን “አንተን ምን ያደርግሃል?” የሚል አይደለም። “አጠገብህ ያለውን ወንድም ምን ያደርገዋል?” የሚል ነው።

እስቲ በዓይነ ኅሊና እንይ። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር አለ እንበል። ለ15 ዓመት ሲጠጣ ኖሯል። ደመወዙ በመጠጥ አልቋል፣ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። ባለፈው ዓመት ጌታን አገኘ። ሚስቱ ተመለሰች። አሁን ልጆቹ አባታቸው ሲመጣ አይደበቁም፣ ይሮጡለታል። ይህ ሰው ሰልጣኞችን ይዞ አዲስ አበባ ገብቷል። እራት ሰዓት ላይ ቀና ሲል፣ ሦስት ጠረጴዛ እልፍ ብሎ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ያያል። ሽማግሌው ፊት አረፋ ያለው ብርጭቆ ተቀምጧል። አንድ ብቻ ነው። ሽማግሌው አይሰክርም፣ በሰላም ይተኛል። ሹፌሩ ግን “እሱ ከጠጣ እኔስ?” ይላል። ለሽማግሌው አንድ ብርጭቆ የሆነው ለሹፌሩ የ15 ዓመት ገደል በር ነው። ልጆቹ እንደገና ይደበቃሉ።

ሽማግሌው “ማንም አላየኝም” ብሎ ነበር። ታይቷል። ያየውም ክርስቶስ የሞተለት ደካማ ወንድም ነው። በ8፥12 ጳውሎስ የወንድምን ደካማ ሕሊና ማቁሰል ክርስቶስን መበደል ነው ይላል። ከዚያም በ8፥13 ስለ ራሱ ሲናገር፣ መብሉ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሥጋ ላለመብላት ወሰነ። ስለ አልኮል አይደለም እዚህ የሚናገረው፣ ስለ ሥጋ ነው! የተፈቀደውን ተወ። ነጻነቱን ያጣ ሰው አይደለም ጳውሎስ። ነጻነቱን ለፍቅር አሳልፎ የሰጠ ሰው ነው። እኛ በአብያተ ክርስቲያናችን ከአልኮል የምንርቀው ከሌላው የተሻልን መስሎን አይደለም። ያ ሹፌር ሁልጊዜ በመካከላችን ስላለ ነው።

ሲመሽ፣ በትርፍ ሰዓትስ የት እንሂድ?

“አትሂዱ” ብቻ ብዬ ብተዋችሁ ትምህርቱ ግማሽ ይሆናል። ባዶ ሰዓት ባዶ ቤት ነው፤ ሌላ ይገባበታል።

ቀን ካላችሁ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዳችሁ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር ስለ ተገኘችው ስለ ድንቅነሽ እዩ። ልጆች ከያዛችሁ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ አለ፤ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ነው። ጸጥታ ለፈለገ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ አለ፤ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጦ ከተማውን ቁልቁል እያየ ለከተማው መጸለይ ይቻላል። ሹራብ ያዙ፣ ይበርዳል። ፒያሳ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ።

አንድ ቦታ ግን በተለይ እንድታዩት እመክራለሁ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። መዝናኛ አይደለም፣ ልብ ይከብዳል። ግን በዚያ ዘመን የወንጌል አማኞችም መከራ አይተዋል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገድለዋል። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ምእመናን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይሰበሰቡ ነበር። ዛሬ በነጻነት የምንወጣባት ከተማ፣ አባቶቻችን ለጸሎት ተደብቀው የገቡባት ከተማ ናት። ያ ቤት ውስጥ የነበረው ትንሽ ማዕድ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ይህን ያየ ሰው ማታ ወዴት እንደሚወጣ ሲመርጥ ሌላ ሰው ይሆናል።

ሲመሽ በአቅራቢያችሁ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ጠይቁ። በሳምንቱ መካከል የጸሎት ወይም የትምህርት ፕሮግራም አይጠፋም። እሁድ ካደራችሁ እንግዳ ነኝ ብላችሁ ግቡ፤ ከአምልኮ በኋላ ምሳ የሚጋብዝ ወንድም ታገኛላችሁ። የከተማ ምእመናን ሆይ፣ ለእናንተም ቃል አለኝ፦ በኋለኛው ወንበር ብቻውን የተቀመጠውን እንግዳ “ምሳ በልተሃል?” ሳትሉት አትሂዱ። እናንተ ካልጠራችሁት ሌላ ቤት ይጠራዋል።

ስለ ደረሰኙ

ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆረቁረኛል። በ100 ብር በልቶ የ300 ብር ደረሰኝ የሚጠይቅ አማኝ አለ። “ሁሉም ያደርገዋል” ይላል። ምግቡን ሲቀበል ጸልዮ ነበር፣ ሒሳቡን ሲቀበል ዋሸ! ስንበላም ስንጠጣም ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን የሚለው ትምህርት (10፥31) ደረሰኙን አይጨምርም ያለን ማነው? የበላኸውን ያህል አጽፍ። ከኪስህ ቢጎድል ከሰማይ አይጎድልም።

ምግብ ይዘው የመጡና ከተማ ይዛ የመጣች

በዮሐንስ ምዕራፍ 4 ጌታ ኢየሱስ ደክሞት በሲካር ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጠ። ደቀ መዛሙርቱ ምግብ ሊገዙ ወደ ከተማ ገቡ። ገዙ፣ ተመለሱ። አንዲት ሳምራዊት ሴት ደግሞ ከጌታ ጋር ተነጋግራ፣ እንስራዋን ትታ ወደዚያችው ከተማ ገባች። እርሷም ተመለሰች። ልዩነቱን አያችሁ? ደቀ መዛሙርቱ ከከተማ የመጡት ምግብ ይዘው ነው። ሴቲቱ ከከተማ የመጣችው ከተማውን ይዛ ነው! ደቀ መዛሙርቱ አልበደሉም፣ መብላት ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚያ ከተማ ገበያ ውስጥ ሲዞሩ፣ በዋጋ ሲከራከሩ፣ በዙሪያቸው ያለው የተጠማ ሕዝብ አልታያቸውም።

ውድ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከተማ ስትገባ ብላ፣ ጠጣ፣ ተዝናና። ነገር ግን በር ላይ ቆም ብለህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ለዚህ ማዕድ ጌታን ማመስገን እችላለሁ? ይህ ቤት የሚኖረው በምንድን ነው? ደካማው ወንድሜ እዚህ ቢያየኝ ይጸናል ወይስ ይወድቃል? ለሦስቱም በጎ መልስ ካለህ በደስታ ግባ። ከሌለህ፣ አዲስ አበባ ትልቅ ከተማ ናት፤ ሌላ በር አለ።

ምናልባት ይህን የምታነበው አንተ ወይም አንቺ ጌታን ገና አላወቃችሁት ይሆናል። ወይም ከዚያ ዝግ በር ውስጥ ሆናችሁ ታነቡታላችሁ፤ ደንበኛም ሆናችሁ፣ እዚያ የምትሠሪም ብትሆኚ፣ እህቴ። የዘኬዎስን ቤት የጠየቀው ኢየሱስ የአንቺንም ስም ያውቃል። “ማንም አያውቀኝም” ያልሽበት ከተማ ውስጥ እርሱ ያውቅሻል፣ ይወድሻልም። ዛሬ ልብሽን ክፈቺለት።

አብረን እንጸልይ፦

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ በደጄ ቆመህ እንደምታንኳኳ ዛሬ ሰምቻለሁ። ኃጢአቴን ይቅር በለኝ። በመስቀል ላይ ስለ እኔ እንደ ሞትህ፣ ከሙታንም እንደ ተነሣህ አምናለሁ። ግባ፣ ከእኔም ጋር ብላ። በቤቴም፣ ማንም በማያውቀኝ ከተማም የአንተ መሆኔን አልርሳ። ሳህኔን ባርክ፣ እግሬን ጠብቅ፣ በአጠገቤ ያለውን ደካማ ወንድሜን እንዳይ ዓይኔን ክፈት። በስምህ፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ መንገድ ለሚሄድ ሰው ስጡት።